የሦስተኛዋ ቀዳዳ ሰም

«ሩጪ ልጄ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ሩጪ!» ይሉኛል አዋላጇ፣ የማልሮጥ ይመስል። እኔማ ቀሚሴን በሁለት እጄ ሰብስቤ እየሮጥኩ ነበር። የዘገየው ባሌ ነው። በአንድ እጁ የሱሪውን ወገብ ይዞ፣ በሌላው ያንን ክንድ ተኩል የሚሆን የቀርከሃ ዋሽንት እንደ ምርኩዝ መሬት እያስነካ ከኋላችን ያለከልካል።

«አንተ ሰውዬ! ዋሽንቱን ብብትህ ውስጥ አድርገው!»

«አዎ፣ ደርሰናል!» አለኝ።

ይኸው ነው እንግዲህ ባሌ። ከተማው «አባ ጆሮ» የሚለው ሰው ይኸው ነው።

ያ ዓመት ወንዛችን ሁለት ጌታ የነበረው ዓመት ነው። ታላቁ ልዑል በእኛ በኩል፣ ታናሹ ልዑል በወዲያኛው ማዶ ሰፍረው በአንድ ዙፋን ይጣላሉ። ሦስት ወር ያህል ታርቀዋል ተብሎ ታንኳው ሁሉ እንደ ልቡ ሲመላለስ ከረመና፣ ዕርቁ ባንድ ጀምበር ፈረሰ። የመቶ አለቃው ከነወታደሮቹ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ነፍጡን ውሃው ላይ ደገነ። ከጨው ነጋዴ በቀር የሚሻገር ሁሉ ይተኮስበት ተብሎ አዋጅ ተነገረ። ጨው ነጋዴውን የማሩት ሁለቱም ልዑላን አልጫ ስለማይወዱ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን ወንዙ ጭጋግ ይለብሳል። ወታደርም ሰው ነው፣ የማያየውን አይተኩስም። ጭጋጉ ተገፍፎ ውሃው ከኮረብታው ሲታይ ዘበኛው መለከት ይነፋል፤ ከመለከቱ በኋላ ወንዝ ላይ የተገኘ ለራሱ ይወቅ።

የዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ አዋላጇ የሱቃችንን በር አንኳኩ አልልም፣ ሊሰብሩት ደረሱ። ሻርፓቸውን ገልብጠው ለብሰዋል፣ የማዋለጃ ከረጢታቸው ጀርባቸው ላይ ነው። ከማዶ የመጣ ጨው ነጋዴ መልእክት አድርሷቸዋል። የላከው የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም፣ ታንኳ ቀዛፊው ነው። መልእክቱን ቆመው በቃላቸው አሉት፦ «ልጅሽን ምጥ ይዟታል። ሕፃኑ በአግድም ነው፣ እዚህ የሚያዞረው ሰው የለም። ጠዋት በጭጋጉ ከድንጋያችን ላይ ሆነሽ በወንድሜ ዋሽንት ጥሪኝ። በሌላ ዋሽንት ብጠራ አልመጣም።»

ቀዛፊው ወዶ አልነበረም እንዲህ ያለው። ሳምንት ሳይሞላ የመቶ አለቃው ሰዎች ዋሽንት ነፍተው አንድ ባልደረባውን ጠርተው፣ መጣሁ ብሎ ሲመጣ ይዘውት ነበር።

ልጃቸው ያለቻቸው አንዲት ናት። የከተማውን ግማሽ በእጃቸው የተቀበሉ ሴት፣ የገዛ ልጃቸው ወንዝ ማዶ ተጋድማ፣ እሳቸው እኛ ደጅ ላይ ቆመዋል። «አልሸጣችሁትም አይደል? ንገሪኝ፣ አልሸጣችሁትም አይደል?» ይላሉ።

አልሸጥነውም። ከእሳቸው ገዝተነው፣ በጣም ረጅም ስለሆነ ጣቱ የሚደርስለት ሰው ጠፍቶ፣ ከመደርደሪያው ኋላ እንደተሰቀለ ሁለት ወር ሆኖታል። ባሌ አውርዶ ሲሰጣቸው ተቀብለው ሳሙት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ከዚያ መለሱለትና «እኔ መች መንፋት አውቃለሁ! አንተው ነፍተህ ጥራልኝ» አሉት። እንዲህ ነው ሦስታችንም ወደ ወንዝ የሮጥነው።

እየሮጥን ስለ ሱቃችን ልንገራችሁ፣ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባችሁም። አዲስ ዋሽንት የሚፈልግ ከሚቦረቡረው ሰው ዘንድ ሄዶ ይገዛል። አዲስ ዋሽንት ነውር የለውም፣ ጠባይም የለውም። እኛ የምንገዛና የምንሸጠው ያገለገለውን ነው፤ ሃያ ሠላሳ ዓመት የሰው ትንፋሽ የጠጣውን። ሸምበቆው ቀላል ነው፣ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል፣ በክር እየታሰረ ይኖራል። ቀርከሃው ይከብዳል፣ ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ አለው። እና ሊሸጥ የመጣ ሰው ዋሽንቱን ጠረጴዛው ላይ ሳያሳርፍ ባሌ አንድ ነገር ይጠይቀዋል። «ነውሩን ንገረኝ።» የተሰነጠቀ ይሁን፣ ጥርስ የነከሰው ይሁን፣ ቀዳዳው የሰፋ ይሁን፣ ይነገራል። ምክንያቱም የአንዱ ነውር ለሌላው ጌጥ ነው፤ ሳታውቅ ካቃናኸው ዋሽንቱን ገደልከው ማለት ነው። ከዚያ እኔ አጥባለሁ፣ ውስጡን በዶሮ ላባ እጠርጋለሁ፣ በተልባ ዘይት አሻለሁ። ካጠብኩም በኋላ ባሌ መልሶ ነፍቶ፣ ድምፁ ያው መሆኑን አይቶ ነው የሚሰቀለው። ይሄ የቤታችን ሕግ ነበር።

ነበር አልኩ። ባሌ መስማት ማቆሙን ያወቅኩት ከዚያ ጠዋት ሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት ነው። ጆሮው የከዳው ባንድ ጊዜ አይደለም፣ እንደ አሮጌ ጉድጓድ እያደር እየነጠፈ። ለእኔ አልነገረኝም። እኔም ማወቄን አልነገርኩትም። ሰው ሲያናግረው «አዎ» ይላል፤ ግማሹን ጊዜ ልክ ይመጣል። ገዢ ዋሽንት ሲሞክር እኔ ከገዢው ኋላ ቆሜ፣ ድምፁ መልካም ከሆነ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ መጥፎ ከሆነ አፍንጫዬን እነካለሁ። ሻጭ ዋጋ ሲጠራማ ባሌ ስለማይሰማው ዝም ብሎ ያየዋል፤ ሻጩም ደንግጦ ዋጋውን ይቀንሳል። ደግሞ ይቀንሳል። ዝም አይነቅዝም የሚሉት እውነታቸውን ነው። «አባ ጆሮ ክርክር አይችሉበትም ያለው ማነው!» እያለ አገሩ ያደንቀዋል።

ያጠብኩትን ዋሽንት መልሶ ነፍቶ መመርመር ሲመጣ ግን እዚያ ላይ አላስቻለኝም። አንድ ቀን አንዱን ሸምበቆ አጥቤ ሰጥቼው፣ ነፍቶ ነፍቶ፣ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ምን እንደሚል አላወቀም። ያ ሰው፣ ባል ሳይሆነኝ በፊት ከመንገድ ማዶ ሆኖ የተሰነጠቀ ዋሽንት ይለይ የነበረ ሰው፣ እንደ ተማሪ ልጅ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያጠብኩትን ሳላሳየው እሰቅለው ጀመር። እሱም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ታዲያ መንገዱን አጋምሰን ቁልቁለቱን ስንጀምር አዋላጇ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ማውራት ያዙ። ፍርሃት ያስለፈልፋል።

«የሟቹ የቀኝ ሌባ ጣት አጭር ነበረች፣ ታስታውሻለሽ? የመረብ ገመድ እስከ አንጓዋ ቆርጧት። ሦስተኛዋን ቀዳዳ መድፈን ቢያቅተው ዙሪያዋን ሰም አድርጎ አጠበባት። ከዚያ በኋላ ያቺ ድምፅ ስትወጣ ጉንፋን የያዘው ሰው ትመስላለች። ወንድሙ ከማዶ ሆኖ በሷ ነው የሚለየው፤ ሠላሳ ዓመት በሷ ነው የተጣሩት። ለዚህ እኮ ነው ስሸጥላችሁ ሰሟን አደራ ያልኩት። አባ ጆሮ፣ ነግሬሃለሁ አይደል?»

ባሌ ፊታቸውን አየና «አዎ! አዎ!» አለ።

እኔ እግሬ ከመሬት ተጣበቀ።

የሸጡ ዕለት እኔ ልብስ ላጥብ ወንዝ ወርጄ ነበር። ስመለስ ረጅሙ ቀርከሃ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። «ነውሩ ምንድን ነው?» ብዬ አፌን በደንብ ከፍቼ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ጠየቅኩት። «ምንም ነውር የለውም» አለኝ። ወስጄ ሳጥበው ሦስተኛዋ ቀዳዳ ዙሪያዋን ጥቁር ቆሻሻ ይዟታል። ቆሻሻ! በወስፌ ፈቅፍቄ ፈቅፍቄ፣ ጥፍሬ እስኪደማ አጸዳሁት። ሳይነፋውም ሰቀልኩት። እሱ ያልሰማውን ሰምቻለሁ አለኝ፣ እኔ ያላሳየሁትን አይቶታል አልኩ፤ ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ማለት ይሄ ነው።

መናገር ነበረብኝ። ወደ ሱቅ ብመለስ ሰም አለ፣ ግን ሄዶ መመለሱ ጭጋጉን ይጨርሰዋል። እና ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም አልኩ። ጭጋግ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ማን ይለየዋል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። እስከ ዛሬ የማፍርበት ያቺን ዝምታ ነው።

ድንጋዩ ጋ ደረስን። መረብ ጣዮች የሚቀመጡበት ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ። ጭጋጉ ከፊታችን እንደ ተሰጣ አንሶላ ቆሟል። ባሌ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ከንፈሩን ልሶ፣ ዋሽንቱን አስጠጋ። ጥሪውን እናውቀዋለን፣ ወንዝ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለት ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ ከዚያ በሦስተኛዋ ቀዳዳ የሚጎተት አንድ ድምፅ። ነፋ። እንደ ባሌ የሚነፋ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ጆሮው ቢከዳውም ጣቱና ትንፋሹ አልከዱትም። የመጨረሻዋ ድምፅ ግን ጥርት ብላ ወጣች፣ ጉንፋን የሚባል አልነካትም።

ከማዶ መቅዘፊያ ውሃ ሲመታ ሰማሁ። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ ቆመ።

«መጣ?» አሉ አዋላጇ። «አባ ጆሮ፣ የመቅዘፊያ ድምፅ ነው አይደል? እየመጣ ነው?»

ባሌ ዓይናቸውን አይቶ፣ ምን መስማት እንደሚፈልጉ ገባው። «አዎ፣ እየመጣ ነው» አላቸው፣ ፈገግ ብሎ።

«ውሸት ነው» አልኩ። «ቆሟል። አይመጣም።»

አዋላጇ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ተንበርክኬ ነገርኳቸው። ሰሟን የፈቀፈቅኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ቆሻሻ መስሎኝ ነው አልኳቸው። መንገድ ላይ ሲነግሩኝ አውቄ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ አልኳቸው። እጃቸው ሲነሳ አየሁ፣ ሊመቱኝ ነው ብዬ ፊቴን ሰጠኋቸው። እጁ ግን አየር ላይ ቀረ።

«እሱ አልነገረሽም?» አሉ። «እኔ እኮ ነግሬዋለሁ። አዎ ብሎኛል።»

«እትዬ፣ ባሌ አይሰማም።»

ይህን ስል ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። ከፊቱ ቆሜ፣ አፌ እየታየው ነው ያልኩት። ባሌ ዋሽንቱን ደረቱ ላይ ይዞ አየኝ። ተቆጣ ብል ውሸት ነው፤ ከባድ ሸክም አውርደው እንዳሳረፉት ሰው ትከሻው ዝቅ አለ።

«መች አወቅሽ?» አለኝ።

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር።»

«ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ነው» አለ። «ሁለቱን ወር ደብቄሻለሁ።»

«ኧረ በሕግ አምላክ!» ብለው ጮሁ አዋላጇ። «ልጄ እየሞተችብኝ ነው! እናንተ ቤታችሁ ገብታችሁ ተጨቃጨቁ! ሰም ስጡኝ!»

ሰም የለንም። ያገለገለ ዋሽንት ነጋዴ ሆነን ሰም ሳንይዝ ወጣን፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል የሚባለው። ባሌ ኪሱን ዳበሰ፣ እኔ መቀነቴን ፈታሁ፤ የተገኘው አንዲት ትንሽ የሸምበቆ ዋሽንቴና ክር ብቻ ነው። ጭጋጉ እየሳሳ መጣ። ቅድም ድንጋዩ ጫፍ ያለው ሣር ብቻ ይታይ ነበር፣ አሁን አሥር እርምጃ ውሃው ውስጥ የተተከለው የመረብ እንጨት ብቅ አለ።

አዋላጇ ደረታቸው ውስጥ እጃቸውን ሰደው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የይለፍ ወረቀታቸው ነው። በዚያ ጊዜ ያለ ይለፍ ከሠፈር ሠፈር የሚሄድ ሰው ይታሰራል፤ ለአዋላጅ ግን የመቶ አለቃው በታላቁ ልዑል ማህተም ፈርሞ ሰጥቷቸዋል። ማህተሙ ከግርጌው ተለጥፏል፣ የሳንቲም ያህል፣ በቀይ ቀለም የተለወሰ ሰም።

«እትዬ፣ ይሄ ከሌለዎት ወዲህ መመለስ አይችሉም» አልኳቸው። «ቤትዎ እዚህ ነው። ማህተሙን ሰበርሽ ብለው…»

«ቤቴ እዚያ ማዶ ተጋድማለች» አሉና ማህተሙን በጥፍራቸው ፈንቅለው አፌ ውስጥ አጎረሱኝ። «አኝኪ!»

አኘኩ። የታላቁን ልዑል ማህተም ከነአንበሳው አኘኩት። ቀለሙ መራራ ነው፣ ሰሙ ግን የንብ ሰም ነው፣ ለስልሶ ምላሴ ላይ ተጠቀለለ። ካፌ አውጥቼ በአውራ ጣቴ ሦስተኛዋ ቀዳዳ ዙሪያ ለጠፍኩት።

አሁን ግን ምን ያህል? ጉዱ እዚያ ላይ ነው። እኔ ከነሰሙ ሲነፋ በቅርብ ሰምቼው አላውቅም። ባሌ በቀስታ ነፋ። «እንዲህ ነበር?» አልኳቸው አዋላጇን። «አዎ! አይ፣ አይደለም። ትንሽ… አላውቅም!» አሉ። ደግሞ ነፋ። «እሱ ነው! አይ…» አሉና ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። «ሠላሳ ዓመት የሰማሁት ጠፋኝ! የልጄ ጩኸት ነው ጆሮዬን የሞላው፣ ሌላ አይሰማኝም!»

ባሌ አፋቸውን አይቶ ገባው። ከዚያ ዋሽንቱን አቀበለኝና ቀኝ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ።

«ስሚኝ» አለኝ። «የሸጡልን ዕለት ነፍቼዋለሁ። ጆሮዬ ምንም አላገኘም። እጄ ግን አግኝቷል። ሦስተኛዋን ድምፅ ስነፋ እዚህ፣ ከሥር በምይዝበት በአውራ ጣቴ ላይ፣ ቀርከሃው እንደተኛች ድመት ያንኮራፋ ነበር። አንቺ ሰሟን ያዥ፣ እኔ አውራ ጣቴን እይዛለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? እንዲህ የሚያንኮራፋ ነገር ነውር ነው እኮ!»

«ነውር መሆኑን በምን ልወቀው? ላንቺ የነገርኩሽ ምንም ነውር የለውም ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ደስ ብሎኝ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ዋሽንት አናገረኝ።»

ጊዜ ቢኖር እዚያው ድንጋይ ላይ አቅፌው አለቅስ ነበር፣ ጊዜ ግን የለም።

ነፋ። «ዝም ብላለች» አለ። ሰም ጨመርኩ። ነፋ። ድምፁ ታፍኖ ሲጢጥ አለ። «ይሄ ድመት አይደለም፣ አይጥ ነው» አለ። በጥፍሬ ጫፍ ቆነጠርኩ። ነፋ። «ነቃች… ነቃች… ግን አላንኮራፋችም። ከታች በኩል ትንሽ።» ከታች በኩል የሰናፍጭ ፍሬ ታህል አነሳሁ። የመረቡ እንጨት አሁን ሥሩ ድረስ ይታያል፣ ከሱ ወዲያ ሁለተኛው እንጨት ጥላው ወጣ። ከኮረብታው ላይ ሰው ሲያስል ሰማሁ።

ባሌ በቀስታ ነፋ። ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ የሆነውን እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሙሽራ ሳለን ጥሩ ዋሽንት ሲያገኝ እንዲህ ነበር የሚሆነው።

«ተኛች» አለኝ። «እሷ ናት።»

ከዚያ ደረቱን ሞልቶ ጠራ። ሁለት ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ መጨረሻ ላይ ያቺ ጉንፋናም ድምፅ፣ ስትጎተት፣ ስትጎተት ወንዙን ተሻገረች። አዋላጇ አፋቸውን በሻርፓቸው ያዙ። «የኔ ጌታ» ብቻ አሉ። ለባሌ አልነበረም ያሉት።

ባሌ የእኔን ፊት ያያል፣ እኔ ጭጋጉን አያለሁ። ከዚያ መቅዘፊያ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ሳያቋርጥ፣ እንደ ቸኮለ ሰው። ሳላውቀው ራሴን እንደ ሱቃችን ነቀነቅኩለት። አየኝና ሳቀ።

የታንኳው አፍንጫ ድንጋዩን ገጨ። ቀዛፊው ነጭ ፂም ያላቸው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። አዋላጇን አላዩም፣ እኔንም አላዩም። ያዩት ዋሽንቱን ነው።

«ማነው የነፋው?» አሉ።

ባሌ አፋቸውን አይቶ እጁን አነሳ።

«መጀመሪያ ስትነፋ የመቶ አለቃው ሰው መስለኸኝ ልመለስ ነበር። ሁለተኛው ሲሰማኝ ደግሞ ወንድሜ ከመቃብር የተነሳ መስሎኝ እጄ ከዳኝ። መቅዘፊያዬ ሊያመልጠኝ ነበር።» ፂማቸውን ጠረጉ። «ነይ ግቢ የወንድሜ ሚስት። በሕይወት አለች። ስነሳ እየጮኸች ነበር፣ መጮኋ ደግ ነው።»

አዋላጇ ታንኳው ውስጥ ገብተው ዋሽንቱን ከባሌ እጅ ተቀበሉ፣ ሰሟን እንዳይነኩ በሁለት ጣት ብቻ። ከዚያ ሊመታኝ ተነስቶ በነበረው እጅ ጉንጬን ያዙኝ።

«ሲያልቅ እሱ ይነፋላችኋል» አሉኝ። «እናትየው ብቻ ከተረፈች አንዴ። ሁለቱም ከተረፉ ሁለቴ። ከሞቱብኝ ግን…»

«አይሞቱም» አልኩ።

«ከሞቱብኝ አይነፋም። ጠብቂ።»

ጭጋጉ ዋጣቸው። የመለከቱ ድምፅ ሲሰማ ውሃው ላይ ምንም አልነበረም።

እኔና ባሌ ከፍ ብሎ ካለው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ወታደር ቢያየን ልብስ አጣቢ እንድንመስል ሻርፔን አወለቅኩና ደጋግሜ አጠብኩት። ያን ያህል ታጥቦ አያውቅም፤ ቀለሙ የለቀቀው በዚያ ቀን ነው። ፀሐይ ወጣች። ተሟሟቀች። ከማዶ ምንም የለም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ ባሌ።

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ስሜ ጆሮ ነው እኮ!» አለ። «ለሚስቴ ምን ልበላት? ጆሮን አግብተሽ ነበር፣ አሁን የቀረው አባ ብቻ ነው ልበልሽ?»

ሳቅኩ። እሱም የሳቄን ቅርጽ አይቶ ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም የሳቅነው ምን ሲሆን እንደሆነ ትዝ አለንና ሳቁን ተውነው። ደግ ያደረግን መስሎን እርስ በርስ ስንሸፋፈን የሰው ልጅ ልናስገድል ነበር። ይህን ጮክ ብዬ አልኩት፣ ፊቴን ወደሱ አዙሬ፣ ቃል በቃል። «አዎ» አለ። የዚያን ጊዜው «አዎ» ሰምቶት ነው።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ መጣ።

መጀመሪያ ወፍ መሰለኝ። ከዚያ አጫጭሮቹን ድምፆች ሰማሁ፣ ከዚያ ያቺን ጉንፋናሟን። ቀዛፊው እንደ ባሌ አይነፉም፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ባሌ ከፊቴ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። አንድ ጣቴን አነሳሁለት።

«እናትየው» አለ በሹክሹክታ።

ሁለተኛውን ጠበቅኩ። ወንዙ ይፈሳል። ሻርፔ ከእጄ አምልጦ ውሃው ሲወስደው ባሌ ዘሎ ያዘው። አሁንም የለም። ሽማግሌው ትንፋሽ አጥሯቸው ይሆናል አልኩ። ምናልባት እያለቀሱ ይሆናል አልኩ። ምናልባት ያው አንዴ ነው አልኩ፣ ያቺ ያላየኋት ነፍስ ለእኔ ወስፌ የተከፈለች ናት አልኩ። እንባዬ መጣ። ባሌ እንባዬን አይቶ ራሱን አቀረቀረ።

ከዚያ መጣ። ሁለት ረጅም። ሁለት አጭር። ጉንፋናሟ።

አፌ አልታዘዝ አለኝ። ባሌ «ምን? ምን አለ?» ይለኛል፣ እኔ መናገር አልችልም፣ ጣቴን እንኳ ማንሳት አልቻልኩም። መቀነቴ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ሸምበቆ አወጣሁ። የባሌን አውራ ጣት ያዝኩና ከሥሯ አስደገፍኩት። ጥሪውን ነፋሁለት። ጨረስኩና ደግሜ ነፋሁለት።

«ሁለት» አለ።

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫውን በእርጥቡ ሻርፔ ጠረገና፣ «ይቺ ሸምበቆሽ ግን አታንኮራፋም» አለኝ።

ሱቃችን ስንደርስ በሩ ላይ አንድ በቅሎ ጫኝ ቆሞ ይጠብቀናል። አሮጌ የሸምበቆ ዋሽንት በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። «አባ ጆሮ፣ የት ጠፋችሁ? ይቺን ልሸጥላችሁ ነበር» አለ። ባሌ በልማዱ እጁን ዘረጋ። እኔ መሐላቸው ገባሁ።

«መጀመሪያ የኛን ነውር ስማ» አልኩት። «ባሌ አይሰማም። እኔ ሳልጠይቅ እፍቃለሁ። አሁን ያንተን ንገረን፣ ለሱ ፊቱን እያየህ፣ ለእኔ ደግሞ ቀስ ብለህ።»